ማን አየው?

«ምንጮች እንደገለጹት» የሚል ዜና ሲደርሰኝ ደሜ ይፈላል። የትኛው ምንጭ? ስሙ የማይጠራ፣ ሰፈሩ የማይታወቅ፣ ቢደውሉለት የማያነሳ ሰው ምን ዓይነት ምንጭ ነው? የሥራ ባልደረቦቼ ጠባዬን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ይነካኩኛል። ሻይ ሲመጣ «ሻዩ መድረሱን ምንጮች ገልጸዋል» ይሉኛል፤ እኔም እየሳቅሁ እጠጣለሁ። የዚያ ሰኞ ነገር ትዝ ሲለኝ ግን ሳቁ ይጠፋብኛል።

የምሠራው ከሚሴ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣውን የአማርኛ ዜና አጣራለሁ፣ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ አነበዋለሁ። ቤቴ ከጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤቶቼ ድምፄን በሬዲዮም በአጥርም ይሰሙታል። ከልጆቼ ጋር ስጨቃጨቅ «ዛሬ ደግሞ ያለ ሰዓቱ ዜና ተጀመረ» እያሉ ያሾፉብኛል።

አጥር የምንጋራቸው ሴትዮ የማታው ዜናዬ አንድም ቀን አያመልጣቸውም ነበር። ሐጃ እንላቸዋለን። ሐጅ ሄደው አይደለም፤ ታላቁ ልጃቸው «ኢንሻአላህ እወስድሻለሁ» ካላቸው ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ማዕረጉን ቀድሞ ሰጣቸው። መጀመሪያ ይቆጡ ነበር፤ በኋላ በኋላ ሐጃ ብሎ ያልጠራቸውን ሰው ዘወር ብለውም አያዩት። ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በባቲ በኩል ወደ ቆላው ይመላለሳል። መኪናው ግንባር ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «የእናቴ ዱዓ» ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈውም እኛው በር ላይ ነው። ሰዓሊው መሰላል ላይ ወጥቶ ሲቀባ፣ ሐጃ ከታች ቆመው ምነው እኔን መኪና ላይ ለጠፍከኝ፣ ሰው ምን ይለኛል እያሉ ልጃቸውን ይቆጡታል፤ በሻሻቸው ጫፍ ደግሞ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ከሚሴ ውስጥ ያንን መኪና የማያውቅ የለም።

እኔ ዜና ማጣራትን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበር። ከቆላ ግመል ነድተው ከሚወጡት አፋሮች ጋር ሲገናኝ ስለ ዋጋ ትንፍሽ ሳይሉ በፊት ዳጉ ይቀመጣሉ። የት ዘነበ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉም በየተራ ይነገራል። የተነገረው ሁሉ ግን ዝም ብሎ አይዋጥም፤ ተናጋሪው ይጠየቃል። ዓይንህ ነው ያየው ወይስ ጆሮህ ነው የሰማው? ከሰማህስ ከማን? እሱስ ከማን? አባቴ ይህን ጥያቄ ቤት ድረስ ይዞት ይመጣ ነበር። ተጣልተን «እሱ መታኝ» ብለን ስናለቅስ እንኳ «አርግቴ ሞ ዸጌሴ?» ይለናል፤ አየሽ ወይስ ሰማሽ? የተመታሁት እኔ ነኝ፣ ምኑን ነው የምሰማው እያልኩ እናደድ ነበር። ዛሬ ልጆቼን እንደዚያው አናድዳለሁ። ሐጃም በአጥር በኩል ሰምተው ያላግጡብኛል፤ ዶሮ ጠፋ ስላቸው «ማን አየው?» ይሉኛል።

ያን ሰኞ ዙሁር እንደተሰገደ የዜና ክፍሉ ኃላፊ አንድ ሊንክ ስልኬ ላይ ላከልኝ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ቀልጣፋ ነው፣ ክፋትም የለበትም። ችግሩ ሌላው ቀደመን ሲባል እንቅልፍ አይወስደውም። ሊንኩን ከፈትኩት። ከባቲ ወደ ቆላው ሲወርድ የነበረ የጭነት መኪና መገልበጡን፣ ሹፌሩ «ወዲያውኑ ሕይወቱ ማለፉን»፣ ሹፌሩም የከሚሴ ነዋሪ መሆኑን «ምንጮች ገልጸዋል» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ። መኪናው ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አንስቶ ተኝቷል። ስልኬን ገልብጬ ግንባሩ ላይ ያለውን ቀይ ፊደል አነበብኩት፤ «የእናቴ ዱዓ» ይላል።

ልጁ ጋ ደወልኩ። ያቺ የማትደክም የስልክ ሴትዮ ላገኘው እንደማልችል ነገረችኝ። ደገምኩ፤ ደገመችልኝ። እዚያ ቆላው ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው አልኩ ለራሴ። ያንን ፎቶ አይቶ በኔትወርክ መጽናናት ግን አይሆንም።

ኃላፊው ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ለአሥራ ሁለት ሰዓቱ ዜና እንዳዘጋጀው ነገረኝ። የሹፌሩ እናት አጥር ጎረቤቴ እንደሆኑ አያውቅም ነበር፤ ነገርኩት። ደነገጠ፣ አዘነም። ቢሆንም ዜና ዜና ነው፣ ሦስት ገጾች ላይ ወጥቷል አለኝ። ሦስቱንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ፎቶው አንድ ነው፣ የተቆረጠበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። «ወዲያውኑ ሕይወቱ አልፏል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከሦስቱም ላይ ሳትነካ ተቀምጣለች። ሦስት ምስክር አይደለም፤ አንዱ ያወራውን ሁለቱ ቀድተው ነው። ይህንን ሳሳየው እንግዲህ የመጀመሪያውን ጠይቂው አለኝ።

ጠየቅኩት። የመጀመሪያው ገጽ ባለቤት ስልኩን ጽፎ ነበርና ደወልኩለት። ማን እንደሞተ ማን ነገረህ አልኩት። ፎቶውን አንድ መንገደኛ እንደላከለት፣ መንገደኛውን እንደማያውቀው ነገረኝ። ስለ ከሚሴስ? ታርጋና ጽሑፉን ያዩ ሰዎች በአስተያየት ጽፈውለት ነው። ስለ መሞቱስ? «እህቴ፣ መኪናውን አይተሽዋል? እንደዚያ ተጨፍልቆ ማን ይተርፋል?» አለኝ። ወላሂ ከስልኩ ውስጥ ገብቼ ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። ሰው የገደለው በግምት ነው።

ለኃላፊው የሰማሁትን እንዳለ ነገርኩት። አሁን ያበቃል ብዬ ነበር፤ አላበቃም። አንገቱን ነቀነቀና ገጹስ ይሁን፣ ግን ሽማግሌዎቹ እኮ ለመርዶ ተሰብስበዋል አለኝ። የእኛ ቴክኒሻን በመስጊዱ ሐጂ ሱቅ በኩል ሲያልፍ ቁጭ ብለው አይቷቸዋል። ሽማግሌ በባዶ ሜዳ ለመርዶ አይሰበሰብም፣ ከቤተሰቡ ሰምተው ነው አለ። እውነት ነው፣ እኛ ዘንድ መርዶ ቀልድ አይደለም። በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌዎች ንጋት ላይ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ በአካል ሄደው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ ሰፈሩ አፉን ይዞ፣ እናትየው ዘንድ ገብቶ እየተጫወተ ያድራል። አንዴ ከተረዳ ደግሞ መመለሻ የለውም። እነሱ ተሰብስበው ከሆነ የሚያውቁት ነገር አለ ማለት ነው።

ሻሼን አጥብቄ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሐጂው የመስጊዳችን ሰው ናቸው፤ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። እውነትም ተሰብስበዋል። ጥግ ላይ ደግሞ የሹፌሩ ታናሽ ወንድም ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ባጃጁ ውጭ ቆማለች። እንባ እንኳ የለውም፤ ዓይኑ ብቻ ደም መስሏል። ማንም ደውሎ እንዳይነግራቸው፣ የሐጃን ስልክ ቻርጅ ላድርግልሽ ብሎ ከእጃቸው የወሰደው እሱ ነው።

ሐጂው ሲያዩኝ «አካም ኦልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው እንደነገሩኝ ከሆነ የጨነቃቸው አንድ ነገር ነው። ሱብሂን እንዳይጠብቁ ማታ ሬዲዮው ሊናገር ነው፤ እናትየው ደግሞ ሬዲዮ ላይ ተጣብቀው ነው የሚያመሹት። ልጃቸው መሞቱን ከሬዲዮ፣ ያውም ከጎረቤታቸው አፍ ከሚሰሙ፣ ወጉን ጥሰን በቀን እናርዳቸው ብለው መክረው ጨርሰዋል። አሱርን ሰግደው ሊነሱ ነው።

«ሐጂ፣ መሞቱን ግን ማን ነገራችሁ?» አልኳቸው።

ግር ብሏቸው አዩኝ። «እናንተ ናችኋ! የናንተው ልጅ እኮ ነው ማታ በዜና ይነገራል ያለን። ሬዲዮው ሳያረጋግጥ ይናገራል እንዴ?»

ሱብሐነላህ። ቴክኒሻኑ ሱቁ በር ላይ ያቺን ፎቶ ሲያዩ አግኝቷቸው፣ ማታ በዜና ይነገራል ብሏቸዋል። እነሱም እሱን ሰምተው ተሰብስበዋል። እሱ ተመልሶ መሰብሰባቸውን ለኃላፊው ነግሯል። ኃላፊው በእነሱ መሰብሰብ አረጋግጧል። እነሱ በእኛ፣ እኛ በእነሱ ተማምነን አንድ ሰው ልንቀብር ነው። ንዴትና ሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ሱቅ ውስጥ ባልሆን እጮህ ነበር።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ታዲያ ልጁ ተርፏል እያልሽ ነው ወይ አለኝ። አይደለም አልኩ። ሞቷል ያለው ሰው በዓይኑ አላየም፣ ተርፏል የሚልም የለም፣ እኔም አላውቅም። ይህን ስል የወንድሙ አንገት ቀና አለ። ያ አስተያየቱ አስፈራኝ። የማላውቀውን ተስፋ የሰጠሁት መሰለኝ፤ ግን ከዚያ የተሻለ እውነት አልነበረኝም።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ጠዋት የወረዱት ነጋዴዎች በዚያ ሰዓት እየተመለሱ ይሆናል። ተነስ አልኩት ወንድሙን፤ በባጃጁ መናኸሪያ ወሰደኝ። ሚኒባስ በገባ ቁጥር በሩ ላይ እየቆምኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ሁሉም አደጋውን ያውቃል። ሁሉም የሚያወራው አለው። አንዱ ሁለት ሰው ሞቷል ይላል፣ ሌላው አምስት ያደርሰዋል፣ አንዲት ሴትዮ ፍሬን በጥሶ ነው ብላ ማለች። አየሽ ወይስ ሰማሽ ስላት ስልኳን አውጥታ ያችኑ ፎቶ አሳየችኝ። አንዱ እብድ ናት ወይ ብሎ ገፍትሮኝ አለፈ። ወንድሙ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። አሱር ሊባል ነው፤ ሽማግሌዎቹ አሱርን ሰግደን እንጠብቅሻለን፣ ከዚያ በላይ ግን ሬዲዮው ይቀድመናል ብለውኛል።

በመጨረሻ ፍየል ጭኖ ከመጣ መኪና ላይ አንድ አቧራ የለበሰ ነጋዴ ወረደ። ጠየቅኩት። ፍየሎቹን ማውረድ ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አይቻለሁ» አለኝ። «ከታች እየመጣን ነበር፣ ቆመን ጋቢናውን ቀደድን። አንድ ሰው ነው የነበረው። አውጥተን ፒክአፕ ላይ አስተኛነው፣ ወደ ባቲ ሐኪም ቤት ይዘውት ተመለሱ።»

«ሞቶ ነበር?»

«እኔ እስካየሁት ያቃስት ነበር። ውሃ ብሏል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፣ አላውቅም።»

ዞር ስል ወንድሙ የለም። ባጃጇን ቁልፏን እንደሰካ መናኸሪያው መሐል ትቷት፣ የባቲ መንገድ በኮምቦልቻ ነውና ወደዚያ የሚወጣውን ሚኒባስ እየሮጠ ሲይዝ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ለሐጂው ደውዬ የነጋዴውን ቃል ምንም ሳልጨምር ነገርኳቸው። በቃ እንጠብቃለን አሉኝ፤ ሬዲዮውን ግን አደራሽን።

ጣቢያው ስመለስ ዜናው ተተይቦ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። አላነብም አልኩ። ኃላፊው በአማርኛው እኔ አነበዋለሁ አለ። ድምፃችን ከፍ አለ፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ኮምፒውተር ውስጥ ቀበሩ። ከተማው ሁሉ እያወራው እኛ ዝም ብንል ማን ያምነናል ይላል። እኔ ደግሞ የሚያቃስትን ሰው ሞተ ብለን ማን ያምነናል እላለሁ። በመጨረሻ ለመጮህም አቅም አጣሁና፣ እባክህ ለሐጂው አንተው ራስህ ደውል፣ ከማን ሰማችሁ ብለህ ጠይቃቸው አልኩት። ደወለ። እያዳመጠ ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ዘግቶ ወረቀቱን አነሳ።

«ምንጩ እኛው ነን ማለት ነው?» አለኝ።

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ማታ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አንድ ድልድይ ጥገናና ስለ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር አነበብኩ። ሐጃ ከሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብለው እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ፤ እያንዳንዷን ቃል ለእሳቸው ብቻ የማነብ መሰለኝ።

ቤቴ ለመግባት በበራቸው ማለፍ ግድ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ዛሬ ዜናሽ አጠረሳ» አሉኝ።

ብዙ ነገር እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ልጃቸው ሳይደውል መዋሉን፣ ታናሹም ስልካቸውን ይዞ የት እንደገባ እንደማያውቁ አወሩኝ። ኔትወርክ ነዋ አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝና የሰማሽው ነገር አለ እንዴ አሉኝ። ያ ረቢ፣ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። የሰማሁትማ ሞልቷል፤ የማውቀው ግን አንድ የሚያቃስት ሰው ብቻ ነው። «ያወቅሁት ነገር የለም ሐጃ» አልኳቸው። እስኪ ዱዓ ላድርግለት ብለው ተነሱ። ገብቼ ልጆቼን ሳላናግር ተኛሁ፤ ተኛሁ ማለት ይከብዳል፣ ጋደም አልኩ።

ከሱብሂ አዛን በፊት ሐጂው ደወሉልኝ። ከሴቶቹ ጋር ሐጃ በር ላይ እንድገኝ ነገሩኝ። አልጠየቅኳቸውም፤ ድምፃቸው በቂ ነበር።

ገና ሰማዩ ሳይገልጥ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው መጡ። ከፊታቸው የሚሄደው ታናሽየው ነው፤ ልብሱ ላይ የደረቀ ደም አለ። የወንድሙን አስከሬን መስጊድ አስገብቶ መምጣቱ ነው። ሐጃ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ያንን ሰልፍ በዚያ ሰዓት በራፍ ላይ ያየች እናት ነገሩን ለማወቅ ቃል አያስፈልጋትም። ሐጂው «ኢና ሊላሂ» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። አይጮሁም፣ አያለቅሱም። በሩን ተደግፈው ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«ማን አየው?» አሉ።

እኔ የለመድኩት ጥያቄ ነው፤ እንደዚያ ሲጠየቅ ግን ሰምቼው አላውቅም። ታናሹ ወደ እግራቸው ጎንበስ አለ።

«እኔ ነኝ እማ። በሕይወት ደርሼበታለሁ። ማታ ኢሻ ሲባል እጄ ላይ ነው ያለፈው።»

«ሸሃዳውን ብሏል?»

«አብረን ላኢላሃ ኢለላህ አልን። ከእኔ ቀድሞ ጨረሰው።»

ሐጃ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ያኔ ነው በሩን የለቀቁት። እኔና ሌላ ጎረቤት ብብታቸው ስር ገብተን ያዝናቸው። አንገቴ ላይ ወድቀው አለቀሱ፤ እኔም ከትናንት ጀምሮ የያዝኩትን ሁሉ እዚያው አፈሰስኩት። ልጃቸውን ዙሁር ላይ ሰግደንበት ቀበርነው።

ያ ዜና ዛሬም ገጹ ላይ አለ። አርሙት ብዬ ጽፌላቸው ነበር፤ አይተውታል፣ አልመለሱልኝም። ሹፌሩ ወዲያውኑ ሕይወቱ አለፈ ይላል። ወዲያውኑ አልሞተም። ወንድሙ ደርሶበታል።